ሲሞቅ የሚጠፋው ሞተር

ጥቅምት 4

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን ከልብ እጠይቃለሁ፤ ጉልበትዎንም ለብቻው እጠይቃለሁ፣ ባለፈው ደረጃ መውጣት አቅቶኛል ብለው በሰው ልከው ነበርና። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ከጋራዡ ዕቃ ቤት አቧራ በቀር የሚያስለኝ ነገር የለም። ስልክ ሁለተኛ አልደውልም ብለው ስለማሉ ይኸው በወረቀት መጣሁብዎ። የምጽፈው ለአባባ ሳልነግረው ነው። ቢያውቅ ሦስት ቀን ያኮርፈኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች የሚያመላልስ አንድ ሚኒባስ አለ። ሹፌሩን ሁሉም ሰው ጥርሶ ነው የሚለው፤ ሲናደድም ሲስቅም ጥርሱ አይከደንም። ክረምት ላይ ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር አባባ አወረደው። የፒስተኖቹን ፋሻ ቀየረ፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አስላጠ፣ ቫልቮቹን አዲስ አደረገ፣ በወሩ ገጥሞ አስነሳው። የዚያን ቀን ቢያዩት አጎቴ፤ ቁልፉ ገና ሲነካ ነው የተነሳው። ጥርሶ የአባባን እጅ ከነቅባቱ ሳመው።

በሳምንቱ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት እንደ አዲስ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ሄዶ ሲሞቅ ግን ፌርማታ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ነዳጅ ካልረገጡለት ሚኒሞ አይዝም፤ ከዚያ እልም ይላል። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ወርደው ገፍተውታል። አባባ ነካክቶ መለሰው፤ ደግሞ መጣ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ደጃችን ላይ ቆሟል።

ትናንት ባለጋራዡ ጠራኝና፣ «አባትሽን አከብረዋለሁ። ይህ መኪና ደግሞ አንዴ ከተመለሰ ግን እሱ ሞተር አይነካም፤ ዕቃ እያጠበ ይቀመጣል» አለኝ። ባለጆሮው ተብሎ አገር የሚያውቀው ሰው ገንዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ብሎን ሊያጥብ ነው። አባባ ይሞታል እንጂ አያጥብም። «ምን ሆኖ ነው?» ስለው «ምንም አልሆነም፤ ሹፌሩ መንዳት አይችልበትም» ይለኛል።

እርስዎና እሱ ከአንድ ጌታ እግር ሥር ነው ሙያ የተማራችሁት። ከየት ልጀምር? የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጄ ነው፤ እጄም ብሎን አይፈራም።

መልስዎን የምትጠብቅ፣ የወንድምዎ ልጅ



ኅዳር 6

ለወንድሜ ልጅ፣

የምትነኪው ብሎን ሁሉ ይፈታልሽ፤ የጠበቀብሽም ይላላልሽ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት እዚህ በሰው አገር፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ መካከል ቁጭ ብዬ ነው። እያንዳንዳቸው የበሬ ያህል ናቸው። ስጠግናቸው አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አንዳቸውም የትም ወስደውኝ አያውቁም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽ፣ ጋሼ፣ የገጠመው ሞተር ተመልሶ አያውቅም። የሚመለሰው የእኔ ነበር፤ እሱም ዘሬን ማንዘሬን እየሰደበ ያስተካክልልኝ ነበር። ካቻቢቴውን የሚሠራው ሞተር ላይ ይተክልና እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሦስተኛው ይዋሻል» ይላል። ስንፈታው ሦስተኛው ነው። ሙያ ያስተማረን ጌታችን እንኳ በመጨረሻ እሱን ነበር የሚጠይቀው።

ስለዚህ ጥፋቱ ትንሽ ነገር ይመስለኛል። በቅድሚያ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች እዪ። ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ሞቆ እንደጠፋ አውጫቸውና መልካቸውን ጻፊልኝ። ቀጥሎ ካርቡራተሩ ይታጠብ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የአየር ማስገቢያው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውኃ አፍስሺበት፤ ሳሙናውን ከሳበው አየር ያስገባል ማለት ነው። ደግሞ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ እንዳትነኩ። ሁለት ነገር ተነክቶ የዳነ ሞተር ምን ታሞ እንደነበር አይታወቅም።

ለጋሼ ሰላም በይልኝ ልል ነበር። ተይው። የእኔ ሰላምታ ለእሱ ምኑም አይደለም፤ ይህንን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አጎትሽ



ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለአጎቴ፣

ቸር ወሬ ያሰማዎ ብዬ ልጀምር፣ እኔ የያዝኩት ቸር ወሬ ባይሆንም። ያዘዙኝን ሁሉ አደረግኩ፤ አንድ አንድ እያልኩ፣ እንዳሉኝ። ካንዴላዎቹ ደህና ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ ነጣ ይላሉ። ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ አጠብነው። የሳሙናውን ውኃ ሳፈስ ጥርሶ አጠገቤ ቆሞ «ሞተሬን ገላ ታጥቢዋለሽ እንዴ?» ብሎ ጋራዡን በሙሉ አሳቀብኝ። ምንም አልሳበም። ሞተሩ ግን አሁንም ሲሞቅ ይጠፋል።

አባባ ስንደክም እያየ ዝም ይላል። ዘንድሮ ዝምታው በዝቷል። ድሮ ከሥራ ሲገባ የሰውን ወሬ ሁሉ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን በልቶ ጥጉን ይይዛል፤ ስናገረው «እ» ብሎ ፊቴን ትኩር ብሎ ያያል። ስልክም የማንንም አያነሳም፤ አልወድም ይላል። የአያቴ ሐዘን አልወጣለት ይሆን እላለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልድፈር። ያቺን «ተይው» ያሏትን ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ምን ተባብላችሁ ነው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ በእርስዎ ላይ የሚለውን ቢሰሙ ያዝናሉ። «የገዛ እናቱን ሳይቀብር የቀረ» ነው የሚሉዎ። አባባ ግን አንድም ቀን አላስነካዎትም። «ወረቀት ከልክለውት ነው! እሱ ቢሆን በእግሩ ይመጣ ነበር» ብሎ ይነሳባቸዋል። ከጎረቤታችን ከአናጺው ጋር በዚህ ነገር ተኮራርፈው ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። እንዲህ የሚሟገትልዎ ሰው እንዴት ነው ሰላምታዎን የማይፈልገው?

ባለጋራዡ እስከ ፋሲካ ታግሷል። ሌላ የምሞክረው ካለ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ



ጥር 20

ለወንድሜ ልጅ፣

ዕድሜ ይስጥሽ። መልሴ የዘገየው ታምሜ አይደለም፤ እየጻፍኩ ስቀድ ነው። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ አንቺ ሞተር ብለሽ መጥተሽ ሌላ ቁስል ነካሽ።

ይሟገትልኛል አልሽኝ? እንግዲያው ስሚ። እናታችን ልትሞት ስትል «እየሞከርኩ ነው፣ ወረቀቱ ዛሬ ነገ ይደርስልኛል» አልኳችሁ፤ ከተቀበረች በኋላ ደግሞ «ከለከሉኝ» አልኩ። ውሸት ነው። ፈቃድ ጠይቄ «ሂድ» ብለውኝ ነበር፤ ወረቀቱም ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት የጥገና አለቃ ሊመርጡ ነው ተባለ። ከሄድኩ ያመልጠኛል ብዬ ቀረሁ። እናቴ አፈር ስትለብስ እኔ ጭንቅላቴን ማሽን ከበሮ ውስጥ ከትቼ ነበር። አለቅነቱንም ለሌላ ሰጡት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእኔ ነው።

አንድ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ከዚያ አቃተኝና ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነበርሽ። ለጋሼ ሁሉንም ነገርኩት። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ «ይቅር በለኝ» አልኩት። ምን ብሎ መለሰልኝ መሰለሽ? «ደህና ነን፣ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ዝናቡም ጥሩ ነው» አለኝ። ይህን ብሎ ስልኩን ለአንቺ ሰጠሽ። ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ለእንባዬ የዝናብ ወሬ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ስልክ አልደውልም ብዬ የማልኩት። አሁን ለሰው «ወረቀት ከልክለውት ነው» የሚለው የቤታችንን ስም ለመጠበቅ ይሆናል፤ አልፈርድበትም።

ወደ ሞተርሽ ልመለስ። ኮምፕሬሽኑን፣ በየሲሊንደሩ ያለውን ግፊት፣ ለኩት፤ አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ፣ አንድ ጊዜ ሞቆ እንደጠፋ። ደግሞ ቫልቮቹን በምን እንዳስተካከላቸው እዪልኝ። በጆሮው ከሆነ እንደ ድሮው፣ ችግሩ እዚያ አይደለም።

አጎትሽ



የካቲት 18

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ኮምፕሬሽኑን ለካነው። ሲቀዘቅዝ አራቱም እኩል ናቸው። ሲሞቅ አራቱም ይወርዳሉ፤ አንደኛውና ሦስተኛው ጭራሽ ወደ ግማሽ ይጠጋሉ።

ቫልቮቹን ሲያስተካክል ቆሜ አየሁ። ሞተሩን አስነሳና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ላላ፣ ጠበቅ እያደረገ ሞከረ። ካቻቢቴውን ግን ጆሮው ላይ አላደረገውም። እጀታውን በጥርሱ ነክሶ ነው የያዘው። እንደዚያ ነክሶ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሁሉንም አጠበቃቸው፤ አንዳቸውም ጠቅ አይሉም። «እንዲህ ጸጥ ያለ ሞተር የት ታያለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጸጥ ብሏል።

የሞተሩ ይኸው ነው። የሌላውን ልጽፍልዎ አልፈልግም ነበር፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አያቴን ያጠብኳት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ቀን «መጣ ወይ?» እያለች በሩን ታይ ነበር፤ እኔም «ወረቀቱ ዛሬ ይደርስለታል» እላት ነበር። እርስዎ አስዋሹኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰው እየተጣላሁ አስዋሹኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

ያን ስልክ የደወሉበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። አባባ ስልኩን ሲሰጠኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «ወንድሜ ዛሬ ምን አግኝቶ ነው? ሲስቅ ሲስቅ ነው የቆየው» አለኝ። እርስዎ ደግሞ አለቀስኩ ይላሉ። የትኛችሁን እንደማምን አላውቅም።

የወንድምዎ ልጅ



መጋቢት 9

ልጄ፣

እግዜር ያጽናሽ፣ እኔንም ያጽናኝ። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ፣ ሳልቀድ። የጻፍሽብኝ ስድብ ሁሉ ይገባኛል፤ አንዱንም አልመልስም። አሁን ግን አንቺም እኔም ያላየነውን ነገር ስሚኝ።

ጋሼ አይሰማም።

ካቻቢቴ በጥርሱ የሚነክስ መካኒክ ጆሮው የከዳው ነው። ድምፁ በአጥንት በኩል ትንሽ ይመጣለታል። ጌታችን በስተርጅናው እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እኛም ከጀርባው እንስቅበት ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ይጮኻል፤ እዚያ መካከል ማን እንደማይሰማ በምን ይታወቃል? ቤት ሲገባ ፊትሽን ትኩር ብሎ የሚያየው ከንፈርሽን ሊያነብ ነው። ስልክ የማያነሳው ስልክ ከንፈር ስለሌለው ነው።

ሞተሩም የታመመው በዚህ ነው። እኛ ቫልቭ በጆሮ ስናስተካክል ጠቅ እስኪል እናላላውና፣ ጠቅታው ሊጠፋ ሲል እዚያው ላይ እንተወዋለን። እሱ አሁን ጠቅታውን አይሰማም። ሰው ግን ይሰማል ብሎ ፈራ። «ባለጆሮው የገጠመው ጠቅ ጠቅ ይላል» እንዳይባል ሁሉንም አንቆ አጠበቃቸው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ያለ ክፍተት የታሰረ ቫልቭ ሲሞቅ አይዘጋም፤ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል፤ ሞተሩ ይጠፋል። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም። ሳነበው አንጀቴን በላኝ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዕቃ ቤትሽ ውስጥ ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት አለሽ። ቫልቩ ሥር ሲገባ ሳይላላ ሳይጣበቅ ጎተት እያለ መውጣት አለበት። ያ በጣት ነው የሚታወቀው፤ ጣቱን ማንም አልወሰደበትም። ሰው ፊት እንዳትነግሪው ብቻ።

ሌላው የእኔ ነገር ነው። ይቅር በለኝ ያልኩትን አልሰማም። ለቅሶዬ ሳቅ መሰለው። ሁለት ዓመት እንዳኮረፈኝ ቆጥሬ የተጣላሁት ከማንም ሳይሆን ከራሴ ጋር ነው። እሱ እኮ ዛሬም ወረቀት የከለከሉኝ ይመስለዋል። ይህ ሲገባኝ መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ደስ አለኝ። እንኳን አልሰማ፣ በዚያው ይቅር አልኩ። ከዚያ አፈርኩ። አናጺውን ያኮረፈው በእኔ ውሸት ነው። ስለዚህ ጥር ላይ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ፣ የእናታችንን ጉዳይ ያለበትን፣ እንዳለ አንብቢለት። ሰው በሌለበት፣ ጮክ ብለሽ። አንድም ቃል አታለዝቢ።

አጎትሽ



ሚያዝያ 14

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ፤ ይህን ወረቀት ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ያለፈው ሳምንት እሑድ፣ ጋራዡ ዝግ ሲሆን አባባን አስከትዬ ሄድኩ። ሚኒባሱ ላይ አጎንብሶ ሳለ ከጀርባው ቆሜ «አባባ» አልኩ። ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ከዚያ ትልቁን መፍቻ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት። እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ እሱ ዞር አላለም። እዚያው አለቀስኩ። አብሬው እየኖርኩ እንዴት እንዳላወቅኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፊቴን አብሼ ወደ ፊቱ ዞርኩና ክፍተት መለኪያውን እጁ ላይ አደረግኩለት። ብረቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ማን ነገረሽ?»

«ወንድምህ» አልኩት፣ ከንፈሬን ከፍቼ።

«ከዚያ ማዶ ሆኖ ሰማው?» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። «እሱማ ጆሮ ነበረው። ስንፍና ነው ያጠፋው።»

ከዚያ መደገፊያ በሌለው ወንበር ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ቀኙ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፣ ግራው ትንሽ ቀርቶታል። «ሰው ለሞተር ድምፅ ሊጠራኝ ሲመጣ ልቤ ይርድ ነበር» አለኝ። ቫልቮቹን እኔ ክራንኩን እያዞርኩለት፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ብረቱን በጣቱ ሳብ እያደረገ አስተካከላቸው። አንዱን አራት ጊዜ መለሰው። አስነሳነው። ቀስ ብሎ ጠቅ ጠቅ ይላል። «ይሰማል?» አለኝ። «ይሰማል፣ ትንሽ» አልኩት። «እሰይ፣ ይሰማ» አለ።

ሞቆ አለመጥፋቱን ለማየት አንድ ሰዓት ማስነሳት ነበረብን። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን መስኮቱን ዘጋን። ዘበኛው በር ላይ ነበር፤ በሞተሩ ድምፅ ጩኸቴ ወደ ውጭ አይወጣም ብዬ ደብዳቤዎን አወጣሁ። አፌን ወደ ግራ ጆሮው አስጠግቼ አነበብኩለት። ይቅርታን በጩኸት ማንበብ እንዴት እንደሚከብድ ልነግርዎ አልችልም። «ሂድ ብለውኝ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘኝ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር?»

«ነበር ይላል» አልኩት። እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ አንድም ቃል አላለዘብኩም፣ እንዳዘዙኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር መናገር ጀመረ። «የቀብሯ ዕለት ሰውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አቆምኩ። ‘በቃ እንውጣ’ ሲሉኝ ‘ወንድሜ መንገድ ላይ ነው፣ ያለ እሱ አላወጣትም’ አልኩ። እስከ አሥር ሰዓት አቆየኋት። መኪና በመጣ ቁጥር እየወጣሁ አይ ነበር። እሱ አልነበረም» አለ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ድምፁ ምን ያህል እንደሚወጣ ለራሱ አይሰማውምና ዘበኛው ሮጦ መጣ። እጄን አወዛውዤ መለስኩት።

ሞተሩ አልጠፋም። አንድ ሰዓት ከሩብ ሠራ። ጥርሶ ከወሰደው ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ይወጣል፤ ባለጋራዡም ስለ ዕቃ እጥበት ዳግም አላነሳም።

ያን እሑድ ከሚኒባሱ ስንወጣ አባባ ደብዳቤዎን ከእጄ ወስዶ አጥፎ መልሶ ሰጠኝና፣ «ጻፊለት» አለኝ። «ምን ብዬ?» ስለው፣ ፊቱን በቅባታም መሐረቡ እየጠረገ፣ «አነበብኩለት፣ ግን ጆሮው ጭራሽ ሄዷል፣ ምንም አልሰማም በይው፤ ፊቴን እንዳይፈራ» አለኝ።

እንዲህ ብለሽ ጻፊ ስላለኝ ጽፌያለሁ። እኔ ግን ሁለተኛ አልዋሽም። ሰምቷል።

የወንድምዎ ልጅ